ሦስት ባልዲ ጨው

መስከረም 9
የባሕር ዓሣ ገንዳዬን አጸዳሁ። ውኃውን በከፊል ቀየርኩ። እንደ ሁልጊዜው ከሰማያዊው ባልዲ… ጨዉን በተጣራ ውኃ በጥብጬ፣ ፓምፑ ሲያማስለው አድሮ፣ ጠዋት ለክቼ። ኮራሎቹ፣ ድንጋይ ላይ እንደ ተክል የሚያድጉት የባሕር እንስሶቼ፣ ደህና ናቸው። ሐምራዊው አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ሟቹ ባለቤቴ ሲያመጣው አውራ ጣት አያክልም ነበር።

ነገ የቀኝ ዓይኔን ኦፕራሲዮን እደረጋለሁ። ገንዳውን ታናሽ እህቴ ትጠብቃለች። ስልሳ አልፏታል፣ ዛሬም ጩጬ ነው የምንላት። ላይኛው ፎቅ ነው የምትኖረው። እሷም ገንዳ አላት፤ የምትጠቀመው ግን የቀዩን ባልዲ ጨው ነው።

«ከሰማያዊው ብቻ» አልኳት።
«እሺ እትዬ።»
«ድገሚው።»
«ክፍል ውስጥ ነን እንዴ?»
አልደገመችውም። ልብ ማለት ነበረብኝ።

መስከረም 24
ፋሻው ተነሣ፤ አየሁ። ባላይ ይሻል ነበር። የሐምራዊው ጫፎች ነጥተዋል። ሥጋው ተልጦ አጥንቱ ቀርቷል። ውኃውን ለካሁ። አልካላይኑ፣ ሲበዛ ኮራል የሚያቃጥለው፣ ጣሪያ ነክቷል።

ሰማያዊው ሲያልቅባት ቀዩን ገልብጣበታለች። በአንድ ጊዜ! የጨው ማርክ ሲቀየር አዲሱን ከአሮጌው እየደባለቁ፣ በሳምንታት ነው። ኮራል ድንገተኛ ነገር አይችልም።

«ጨው ያው ጨው አይደል እንዴ እትዬ? መለኪያው ላይ እኮ አንድ ነው።»
ጨዋማነቱማ አንድ ነው! ውስጡ ያለው ነው እንጂ…
አልጮህኩም። ከጮህኩ ይወጣልኛል። እንዲወጣልኝ አልፈለግሁም።

ጥቅምት 6
ሐምራዊው ሞተ። ነቅዬ አወጣሁት። እንደ ኖራ ነጭ። ከባለቤቴ እጅ የቀረኝ ሕያው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ጩጬ ሾርባ ይዛ መጣች።
«ተቀየምሽኝ?»
«ምን በወጣሽ።»
ሾርባውን ጠጣሁ። ጨው አንሶታል። እዚህ ላይ ቆጠበች!
የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ጥቅምት 15
የጩጬ ምራት ወልዳለች። ነገ ጩጬ ልጇ ዘንድ ትሄዳለች፤ ትቆያለችም። ቁልፏን ሰጠችኝ።
«ዓሦቹን ብቻ መግቢልኝ። ሌላውን አትድከሚ።»
እደክማለሁ እንጂ።

ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ከሁሉ ኃይለኛው ጨው የቱ ነው አልኩት። ጥቁሩን ባልዲ አወረደ።
«ግን እማማ፣ በአንዴ እንዳይጨምሩት። ያቃጥላል።»
ለዚያ ነው የምገዛው ልለው ምንም አልቀረኝ።
«አውቃለሁ ልጄ።»

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ አልጸልይም፣ አልሰርቅም። ውኃ ነው የምቀይረው።

ጥቅምት 19
አደረግሁት። የገንዳዋን ውኃ ግማሹን ቀድቼ በጥቁሩ ጨው ተካሁት። አንጀቴ ቅቤ እየጠጣ። ውኃዋን አስቀድሜ አልለካሁም። በሕይወቴ ሳልለካ ሳደርግ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለማጥፋት ደግሞ ምን መለካት ያስፈልጋል?

ውኃው ሲጠራ ከድንጋዩ ጀርባ አየሁ። አምስት ቀንበጦች። ሐምራዊ። እያንዳንዳቸው ትንሽ ጠጠር ላይ ተጣብቀው…
የኔ ናቸው። የሱ ናቸው። ያ ቀለም ሌላ ቦታ የለም። እዚያ ታች ጫፎቹ ሲነጡ አይታ፣ ጤነኛ ጤነኛውን ቆርጣ ወደ ራሷ ገንዳ አምጥታለች። ደብቃኝ።

ቁም ሣጥኗን ከፈትኩ። ቀይ ባልዲ የለም። ሰማያዊ ነው። ለነሱ ስትል የገንዳዋን ጨው ወደ እኔው ማርክ ለውጣለች። ቀስ በቀስ፣ በሥርዓቱ፤ አለዚያ እስካሁን ባልቆዩ ነበር። ይህቺ መድገም ያቃታት!

ጥቅምት 20
በሰማያዊው እያለዘብኩ ነው። በትንሽ በትንሹ። እየለካሁ። ደረጃው ጨረሰኝ።

ኅዳር 2
ሦስቱ ነጡ። ሁለቱ አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ… አልጨርሰውም።

ኅዳር 5
ጩጬ ተመለሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ገንዳው ጋ።
«ውይ፣ አየሻቸው? ጠንከር ሲሉ ላመጣልሽ ነበር… ሦስቱን ምን ነካብኝ?»
«ጨው ቀየርኩ።»
ሳቀች። እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች።
«እሰይ! እንግዲህ እኩል ነን። እትዬም ትሳሳታለች ለካ!»

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ግን ልክ አይደለም። እኩል አይደለንም።
«አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው።»
እጇን ከትከሻዬ አነሣች።
«እኔን ለመጉዳት?»
«አዎ።»
«ዕድሜ ልኬን እትዬ ስልሽ…»
በሩን ከፈተችልኝ።

ኅዳር 11
ጠዋት ደጃፌ ላይ የብርጭቆ ዕቃ ተቀምጦ አገኘሁ። ሁለቱ ቀንበጦች። በውኃዬ አለማምጄ፣ የሞተው በነበረበት ድንጋይ ላይ አጣበቅኋቸው። ልደውልላት ስልኩን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ኅዳር 28
የግራ ዓይኔ ተራ ደረሰ። ሐኪሙ ሰኞ አለ። ዓሣ ሻጩ «ሰው ልላክልዎ፣ ገንዳውን ይጠብቅ» አለኝ። እምቢ አልኩት።

ላይ ወጥቼ አንኳኳሁ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ግቢ አላለችኝም።
«ገንዳውን ትጠብቂልኛለሽ?»
ብዙ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። የከረመው የኔው ዓይን ውስጥ ነው።
«እሺ» አለች። «እትዬ» ግን የለም።

ወርጄ ወጥ ቤት ገባሁ። ሰማያዊው ባልዲ መደርደሪያው ሥር ነው፤ የተረፈው ጥቁሩ አጠገቡ። ጥቁሩን ልጥለው አሰብኩ… ተውኩት። ከየትኛው እንደምትጨምር አልነገርኳትም። ታውቃለች።