ወፍራ ያየሃት እናታችን

ለምወድህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ ለኪዳነማርያም፦

ጋሼ ኪዳኔ፣ እንደምን ከርመሃል? ለጤናህስ እንዴት ነህ? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ በየዓመቱ የሚያንቀጠቅጥህ ወባስ ዘንድሮ ማረህ ወይ? ሱቁ እንዴት ነው? አብሮህ የሚሠራው የጎባው ልጅ ጉቱስ ደኅና ነው? እናቱን ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸው፣ ደኅና ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብለው ጉልበት ስመው ነው የለመኑኝ። የአገሩ ሰው ይውደድህ፣ ደጅህ ሰላም ይሁን። እንደ ወጉ ቢሆን እዚህ ላይ «እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን» ማለት ነበረብኝ። ባለቤቴ ፍቅረየሱስ ደኅና ነው፤ ልጄ ጸሎት ደኅና ናት፤ አጎታችን መሸሻም ከነምርኩዛቸው፣ ከነቁጣቸው አሉ። እማዬ ግን ደኅና አይደለችም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትለኝ ይሆናል። አንተ ስትደውል ስልኩ የእኔ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ድምፅህን ከፍ አድርጌ ካላሰማኋት እማዬ ቀኑን ሙሉ ታኮርፈኛለች። አንድ ቀን ጓሮ ወጥቼ ልነግርህ ስጀምር በመስኮት በኩል «ምንድን ነው የምትይው?» አለችኝና፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አወራሁህ። አንተም ጣሪያውን አሠሩት አልክ። ጣሪያው አያፈስም፣ ጋሼ። ሾፌሩ ለታ ወደ ጋምቤላ ጭነት ስላገኘ ይህን በእሱ እጅ ልኬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያሻግሩለት ሰዎች አሉት። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ከሥሩ ልንገርህ።

ለመስቀል የላክሁልህን ፎቶ ታስታውሳለህ። ጉንጯ ሞልቶ፣ አገጯ ተደርቦ፣ ፊቷ ቀላ ብሎ፣ ያን ነጭ ነጠላ ጣል አድርጋ የተነሳችውን። ያን ዕለት ደውለህ «እናቴ ልጅነቷ ተመለሰ» ብለህ ስትስቅ እሷም ሳቀች። አሳድገህ አሳትመህ ሱቅህ ውስጥ እንደሰቀልከው ነገርከን። እንግዲህ እማዬ ከዳነች መምጫዬን ለከርሞ መስቀል ላድርገው ያልከውም ያኔ ነው። እኛም እኮ ደስ ብሎን ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «እኅተማርያም ተመቻት፣ ምን ቢያበሏት ነው» ይል ነበር። ከሪራ ማር የሚያመጣልን ጅሩ ገና ከበር ሆኖ «አዴ፣ ፉርደቴ! ወፈርሽ እኮ፣ አልሐምዱሊላህ» ሲላት እንደ ሙሽራ ታፍራለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከስታ የኖረች ሴት ስትወፍር ማን ይጠረጥራል? የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኛ ቤት ብልህ አልነበረም፤ ሁላችንም ስንልስ ከረምን።

አስሟ እንዴት እንደነበረ አትረሳም። በታኅሣሥ ኮምባይነሮቹ ስንዴው ውስጥ ሲገቡና የገለባው ብናኝ ሮቤ ላይ ሲያንዣብብ፣ ደረቷ እንደ ዋሽንት ያፏጫል። እንደዚያም ሆና በአይሱዙ ጋቢና የሳነቴን ደጋ ተሻግራ ሪራ ወርዳ ማሯን ጭና ትመለስ ነበር። አንተ ከሄድክ በኋላ ባለው አንድ የአጨዳ ወቅት በጣም ጸናባትና ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ለአምስት ቀን የሚዋጥ ትንንሽ ነጭ ክኒን ሰጧት። ሲያልቅ ተመለሽ፣ ከዚያ በላይ እንዳትወስጂ ብለው አስጠንቅቀዋታል። ክኒኑ ግን ተአምር ሠራ። በሳምንቱ ገበያዋ ላይ ቆማ ማር ትመዝን ነበር። እንዲህ ያለ መድኃኒት አግኝቶ ማን ይተዋል? ሲያልቅ ባዶ ማሸጊያውን ይዛ አንድ መድኃኒት ቤት ሄደች፤ ሸጡላት። ያ ቤት ዛሬ ተዘግቷል፣ ሰዎቹም የሉም። ክኒኑን «ነጯ» ትለዋለች። ደረቷን ሲያፍናት አንድ፣ አቧራ ሲሆን ሁለት፣ ለቅሶ ስትውል ሦስት።

ከዚያ አንተ ሰማህና ያንኑ ክኒን ከጁባ በትልቅ ጣሳ ላክህላት። ጋሼ ኪዳኔ፣ ይህን የምጽፈው ልወቅስህ ብዬ እንዳይመስልህ። ጣሳውን ከመኪና ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ስሜ ነው የሰጠኋት። ከሚካኤል ሥዕል ሥር አስቀምጣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ልጄ የላከልኝ» እያለች ታሳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳያማትም ትውጥ ጀመር። ለምን ትውጪያለሽ ስላት «ልጄ ከባሕር ማዶ የላከው መድኃኒት ዝም ብሎ ይቀመጥ?» አለችኝ። ጁባ ባሕር ማዶ አይደለም ብዬ ሳቅኩባት። ሳቄ ዛሬ ሲታወሰኝ ይመረኛል።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ምንም ሳታነሳ፣ ምንም ሳትወድቅ፣ በረንዳ ላይ እንደተቀመጠች አሳላትና ጀርባዋ ቀጭ አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ጎባ ሆስፒታል አስገባናት። ሐኪሙ ኤክስሬዋን ወደ ብርሃን አንሥቶ ካየ በኋላ ወደ ውጭ ጠርቶ አስረዳኝ። በሳል ብቻ የጀርባ አጥንቷ ተሰብሯል። ክኒኑ አጥንቷን ምስጥ እንደገባበት እንጨት ቦርቡሮታል። ያ ውፍረት የምቾት አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው ፊቷንና ሆዷን የነፋው፣ ማጅራቷ ላይ እንደ ሻኛ ጉብ ያለውም እሱ ነው። እጅና እግሯ ልብ ብሎ ላየው ቀጥኗል። ቆዳዋ ሳስቶ ጨበጥ ሲያደርጓት ይጠቁራል። ስኳርም ይዟታል፤ ልቧም ደክሟል። ታዲያ ክኒኑን ዛሬውኑ እናቁመው አልኩት። እሱም አይቻልም አለኝ፤ ገላዋ ለዓመታት ክኒኑን ሲጠብቅ ስለኖረ የራሱን መድኃኒት ማመንጨት ረስቷል፣ በአንዴ ቢቀር ትወድቃለች። እንደ መሰላል ቀስ ብሎ ነው የሚወረደው። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ሁለቱንም ጊዜ ገና ዝቅ ሲል አስሙ ተመልሶ አነቃት፤ ኦክስጅን አድርገውላት ወደነበረችበት መለሷት። ብትቀጥል ክኒኑ ይገድላታል፤ ብትተው አስሙ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም። እቤቷ ሆና እንድትረጋጋ አድርጉላት አለኝ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ መተርጎም የለብኝም።

አሁን እየመጣች የምትረዳት የሠፈራችን ነርስ ሲስተር ሀዋኒ ናት፣ የአጋርፋ ልጅ። ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ ጎራ ትላለች። ድመቷን አስወጣች፤ የበጉን አጎዛ አልጋዋ ላይ አላየውም አለች፤ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳይገባ አደረገች። የሚሳበውን መድኃኒት፣ ያን ፓፍ የሚሉትን፣ እማዬ አፏ ላይ ነፍታ ትተፋው ስለነበር ሲስተር የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን በስታ ፓፉን ሰካችበትና፣ በጠርሙሱ አፍ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ከዚያ እስከ አሥር ይያዙት ብላ አስተማረቻት። ከሁለቱ ፓፎች ቡናማውን፣ አስሙን ከሥሩ የሚይዘውን፣ ከወሰደች በኋላ አፏን በውኃ ተጉመጥምጣ እንድትተፋ ስታዛት ለእማዬ ጭራሽ አልዋጥላት አለ። ሲስተር ፊቷን ስታዞር ትውጠዋለች፤ መድኃኒት ይተፋል እንዴ ትላለች። ምላሷ ሻጋታ አብቅሎ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲስተር ደረሰችባት። ቡናማው ግን አሁን የለም። ሮቤም ጎባም ጠይቀናል፤ ከገበያ ጠፍቷል። ሰማያዊው አለ፣ እሱም ጥቂት ፋታ ይሰጣታል እንጂ ሥሩን አይነካውም። ሲስተር ይህን ስትነግረኝ እንደ ሐኪሙ ዓይኗን አልሰበረችም፤ እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ።

ወደ ጣሳው ልመለስ። ክኒኑ የሚወሰደው በሲስተር ልክ ብቻ ስለሆነ ጣሳውን ስጡኝ አለች። እማዬ አቅፋው እምቢ አለች። «ይኼ የልጄ እጅ ነው፤ የልጄን እጅ አልሰጥም» አለች። አጎት መሸሻ ተቆጡ፤ ፍቅረየሱስ ለመነ፤ አልሰማችም። ሲስተር ሀዋኒ ተንበርክካ፣ እማማ፣ ልጅዎ ቢያውቅ ኖሮ ራሱ መጥቶ ይወስደው ነበር አለቻት። እማዬ ጣሳውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠቻት። ሲስተር ከወጣች በኋላ ጠራችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «አዜብ፣ የጣሳውን ነገር ለኪዳኔ እንዳትነግሪው። ወፍሬ ያየኝ ይበቃዋል።» እኛ ስንደብቃት የኖርነውን ሁሉ ታውቀዋለች ለካ። የምትደብቀን እሷ ነበረች።

ቃሏን አፈረስኩ። ከማንም በላይ እሷን እንዳሳዘንኩ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ባልነግርህ አትመጣም። እውነቱን ልንገርህ፣ አንዳንድ ቀን በአንተ እናደዳለሁ። እዚህ እሷን ከአልጋ ለማንሳት እኔና ፍቅረየሱስ ጋቢ ከሥሯ አስገብተን በሁለት በኩል ስንጎትት፣ እሷም አጥንቷ እንዳይንቋቋ ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቀን፣ አንተ እዚያ ያንን ፎቶ እያየህ እንደምትደሰት ትዝ ሲለኝ እናደዳለሁ። ከዚያ ደግሞ ምን አጠፋ እላለሁ። አላወቅህም። እኔ አጠገቧ ሆኜ አላወቅኩም። ለእናቱ መድኃኒት የላከ ልጅ በየትኛው ፍርድ ቤት ይከሰሳል? ይህን ነገር እንደ ዕዳ ተሸክመህ እንዳትመጣ። ዝም ብለህ ብቻ ና።

ጋደም ማለት ካቃታት ቆይቷል። ወንበር ላይ ትራስ ደርበን፣ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈን ነው የምትተኛው። ቅዳሴውን ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ትሰማለች፤ ንፋሱ ወደ ጎባ ሲያዞረው አይሰማትም፣ ያን ቀን ትከፋለች። ባለፈው ሳምንት ጅሩ ማር ይዞ መጣ። አሁንም ፊቷን አይቶ አምሮብሻል አላት፤ እሷም አልሐምዱሊላህ በል እንጂ አለችውና ሳቀች። ከሄደ በኋላ ክዳኑን ክፈቺልኝ አለችኝ። ስኳሩ አለና አንዲት ጣት እንኳ አልፈቀድኩላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ማር የነገደች ሴት አሽትታ ብቻ ክደኚው አለችኝ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ለምን ከለከልኳት እላለሁ አሁን። ምን ቀረላት ብዬ?

ስለዚህ ጋሼ፣ መስቀልን አትጠብቅ። ፋሲካንም አልልህም፤ ሐኪሙ ሌላ ጉንፋን ቢይዛት አትቋቋመውም ብሏል፣ የእኛን አገር ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ። ስትመጣ ወፈርሽ፣ አማረብሽ እንዳትላት። ከስተሻል ብትላት ይሻላታል፣ ውሸት መሆኑን ብታውቅም። ደግሞ አንድ ነገር፣ አደራህን፦ ስትገባ እንደ ልማድህ ብድግ አድርገህ፣ ጠበቅ አድርገህ አትቀፋት። አጥንቷ የአንተን እቅፍ አይችልም። ከፊቷ በርከክ በልና እሷ ትያዝህ።

ፍቅረየሱስ ከልብ ሰላም ብሎሃል፤ የመጣህ ዕለት ሻሸመኔ ድረስ ወጥቶ ይቀበልሃል። አጎት መሸሻ እግዜር ያግባህ ይሉሃል፤ ላንተ ሲሆን አይቆጡም። ጸሎት፣ ጋሼ የጁባ ከረሜላ ይዞልኝ ይምጣ ብላለች፤ የአያቷን ዓይነት የሃይላንድ ጠርሙስ ለአሻንጉሊቷ ሠርታላታለች፣ «ያዢው፣ እስከ አሥር» እያለች ታስተነፍሳታለች። ሲስተር ሀዋኒ ባታውቅህም ሰላም በይልኝ ብላለች። ጅሩም ከሪራ ሰላምታውን ልኮልሃል።

እማዬ ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ስታይ ስለ ጣሪያው መሆኑን ነግሬያታለሁ። እንግዲያውስ ፎቶ ጨምሪበት ብላ ነጠላዋን ማጅራቷ ላይ አስተካክላ፣ ጉብታው እንዳይታይ አድርጋ፣ ከወገቧ በላይ ብቻ አንሺኝ አለች። አንስቼ አሳትሜ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ከፎቶው ጋር የምልክልህን መልእክት ራሷ ነው የነገረችኝ፤ ቃል ሳልቀንስ ይኸውልህ፦ «ለልጄ፣ ምንም አልጎደለኝም፣ እንደምታየኝ ነኝ በይው።»

ታናሽ እህትህ አዜብ
ሮቤ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.