የምላጭ አባት

ጥቅምት 6
የሒሳብ ፈተና ነበር። አላበላሸሁትም። ማታ ሳህን አጠብኩ... ተራው የእህቴ ነበር። ክረምት ላይ መኪና ገጭቷት ከሞተች ወዲህ ሁሌም የኔ ተራ ነው።

አዲስ ቀልድ የምትሞክረው እኔ ላይ ነበር። ወለሉ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን እንቀመጣለን። "ፊትህ ይሉኝታ ያውቃል፣ ጀርባህ ግን አያውቅም" ትለኛለች። ጀርባዬ ካልተንቀጠቀጠ ቀልዱን ትጥለዋለች። ከተማው "ምላጭ" ብሎ የሚጠራት፣ ባለሥልጣን የማትፈራ ኮሜዲያን... ከሁሉ በፊት የሳቅኩላት እኔ ነኝ። ስንቱ ወንድም ይህን አገኘ?

ጥቅምት 9
የአዳራሹ ባለቤት ደወለ። እሁድ ከሰዓት የመጨረሻ ዝግጅቷን በትልቁ ስክሪን ሊያሳዩ ነው። ቤተሰቡም ይምጣ ብሏል። እማዬ እሺ አለች። አባዬ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

ፈራሁ። እዚያ ውስጥ የከንቲባው ፀጉር ቀልድ አለ። አባዬ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከንቲባው ደንበኛው ነበር። እሷ ያን ቀልድ ከጀመረች ወዲህ ከንቲባው ቀረ፣ አጃቢዎቹም ቀሩ። "ወንበሬን ባዶ አስቀረችው" ብሎ አኮረፋት። እንደተኳረፉ ሞተች። አሁን አባዬ ሰው መሃል ተነስቶ ቢወጣስ? ያኔ ሁለተኛ ቀበርናት ማለት ነው።

ጥቅምት 11
አባዬ ጫማውን ሲቦርሽ አገኘሁት።
"የት ልትሄድ ነው?"
"ቆሽሾ ነዋ።"

ጥቅምት 12
መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ስክሪኑ ላይ ወጣች። "ከንቲባችን አናት ላይ የቀሩት ሦስት ፀጉሮች ናቸው። አባቴ እነሱን ለማስተካከል አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ለምን? ሦስቱም ሰብሳቢ ካልሆንን ይላሉ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አባዬ ተነሳ። እማዬ ኮቱን ያዘችው። የአዳራሹ ባለቤት ደንግጦ ቪዲዮውን አቆመው።

"ሦስት አይደሉም" አለ አባዬ። "አራት ነበሩ። አንዱን በስህተት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሰውየው የተቀየመው በኔ ነው። በልጄ አሳበብኩ።"

ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ... እማዬ ነበረች። እያለቀሰች። ሌላውም ተከተላት። አባዬ ቁጭ አለና "ቀጥሉ እንጂ፣ ልጄን ልስማት" አለ።

እስከ መጨረሻው ሰማት።

ጥቅምት 20
ከትምህርት ቤት በቀጥታ አባዬ ፀጉር ቤት ሄድኩ። አንድ ወጣት አንገቱን አስግጎ "የምላጭ አባት ቤት ይሄ ነው?" አለ። ድሮ ቢሆን አባዬ "ተሳስተሃል" ነበር የሚለው።

"አባቷ ነኝ" አለ አባዬ፣ ፎጣውን እያራገፈ። "ተቀመጥ። ሚስጥር ካለህ ግን ሌላ ጋ ሂድ።"

ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። እኔም።

እስክንዘጋ ድረስ ወሬው ስለሷ ነበር። አንድም ሰው ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ተመስገን።