ጠመም ብላ የገባችው ካንዴላ

ጥቅምት 28
የደንበኛችንን የመምህርቷን መኪና ካንዴላዎች፣ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩትን፣ ቀየርኩ። ቀላል ሥራ። ሦስቱ ደህና ገቡ። አራተኛዋ ስትገባ ያዝ አለችብኝ። ድሮ መጀመሪያ በእጄ ነበር የማዞራት፤ ጠመም ካለች ጣቴ ይነግረኛል። አሁን ጣቴ ዝም ነው... ደንዝዟል። ቆሻሻ ይሆናል ብዬ በመፍቻ ጨከንኩባት። ገባች። ሞተሩም ተነሣ። ታዲያ ምን ይከነክነኛል?

ኅዳር 2
መምህርቷ መኪናዋን አስጎትታ መጣች። ዳገት ላይ ጧ! ብላ ካንዴላዋ ተስፈንጥራ ወጥታለች። ልጆቿ ከኋላ ተቀምጠው።
"የፈነዳን መስሎኝ ነበር" አለች።
ሞተሩን አየሁት። ካንዴላዋ የምትታሰርበት ቀዳዳ ጥርሱ ተልጦ አልቋል።
"ማነው ያሰረው?" አለች መምህርቷ።
የሚስቴ ወንድም አጠገቤ ቆሟል። ጋራዡን አብረን ነው የምንሠራው።
"እሱ ነው" አልኩ።
እንዴት ከአፌ ወጣ? ዞር ብሎ አየኝ። "ይቅርታ መምህር፣ እናስተካክለዋለን" አላት። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሄደ። እጁ ንጹሕ ነበር።

ኅዳር 3
ወሬው ሚስቴ ጆሮ ደርሷል። ምሳ ላይ ትለምነኝ ጀመር። "እባክህ ወንድሜን እንዳትቆጣው። ሰው አይደል? ይሳሳታል።"
"አልቆጣም" አልኳት።
"ሆደ ሰፊ እኮ ነህ" ብላ አመሰገነችኝ። አመሰገነችኝ! ምሳዬን ገፋ አድርጌ ተነሣሁ።

ኅዳር 4
"መፍቻ አቀብለኝ።" "እንካ።" ከሚስቴ ወንድም ጋር ሌላ ወሬ የለም። ምናለ ቢሰድበኝ?

ኅዳር 5
ጥገናውን ጀመርን። የተላጠውን ቀዳዳ ሰፋ አድርጎ አዲስ ጥርስ ማውጣት፣ ከዚያ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ማስገባት። የብረቱ ፍቅፋቂ ተጣብቆ እንዲቀር፣ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ፣ እሱ ጥርስ ማውጫውን ግራሶ ቀባው። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ... አውጥቶ ይጠርጋል፣ መልሶ ይቀባል። ላግዘው ብዬ ቀለበቱን ያዝኩለት። ከጣቴ መውደቁን ያወቅኩት ወለሉ ላይ ሲንከባለል ነው።
ጎንበስ ብሎ አነሣው።
"ጋሼ፣ ጣትህን ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"ምኑን?"
"ተው እንጂ። ባለፈው የጋለ ሞተር ይዘህ ቆዳህ ሲጠበስ እያየሁህ... አልተሰማህም።"
ያውቅ ነበር ለካ!
"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"
"እስክትናገር እየጠበቅኩህ።"
ቀለበቱን አጥብቆ አሰረ። አዲሷን ካንዴላ በጣቶቹ ቀስ እያለ አዞራት። ልክ እኔ እንዳስተማርኩት። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ኅዳር 6
መምህርቷ መኪናዋን ልትወስድ መጣች። ነገርኳት። "ያሰርኩት እኔ ነኝ። በእሱ ያሳበብኩት ዋሽቼ ነው። ጣቴ አይሰማኝም... እያወቅኩ ደበቅኩ።" ይቅር ትለኛለች ብዬ ነበር መሰለኝ። አላለችኝም።
"ልጆቼ ውስጡ ነበሩ" አለች። ወደ እሱ ዞራ፣ "ከእንግዲህ መኪናዬን አንተ ብቻ ንካልኝ።"
ቤት ገብቼ ለሚስቴም ነገርኳት። ሰሐኑን አስቀምጣ ቆመች። "ስለምንህ ዝም ብለህ ሰማኸኝ?" ወንድሟ ደውሎ "ተይው በቃ" ቢላትም ልታናግረኝ አልፈለገችም።

ኅዳር 14
ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስኳር ነው፤ ነርቭ ነክቶብሃል አለኝ። መድኃኒት ጀመርኩ። ጋራዥ ውስጥ ካንዴላ አልነካም። እሱ ያስራል፣ እኔ የሞተሩን ድምፅ አዳምጣለሁ። ዛሬ አንድ አዲስ ደንበኛ ቁልፉን ዘርግቶ "ለአለቃህ ስጥልኝ" አለኝ። ወስጄ ለሚስቴ ወንድም ሰጠሁት።

ኅዳር 20
የሸሚዜ ቁልፍ እምቢ አለኝ። ሰሞኑን ሳልቆልፈው ሹራብ ደርቤ ነበር የምሸፍነው። ዛሬ ሚስቴን ጠራኋት። ኩርፊያዋ ገና አልለቀቃትም። ቀና ብላ ሳታየኝ ከላይ እስከ ታች ቆለፈችልኝ።
"ሌላስ?"
ወደ እግሬ አየሁ።
"ጫማዬን... ማሰሪያውን።"
እግሬ ሥር ቁጭ አለች።