ዘጠኝ አህያ ለአንድ ኩንታል

ለተከበሩ የጭነት ማጓጓዣ አካባቢያዊ ተፅዕኖ ጥናት አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና መላው የጥናት ቡድንዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ በአምባሰል ተራራ ወገብ ላይ የምንኖር አህያ ጫኞች፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነን፤ አህዮቻችንም ስለ እነሱ የተጻፈውን ስላላነበቡ ደህና ናቸው። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። ባልደረባዬ ትዕዛዙም የግሸኗ እመቤት ትጠብቅዎ እንድልለት አደራ ብሎኛል።

የጭነት ማጓጓዣን የሕይወት ዑደት የገመገሙበትን ጥናት ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። አንድ ማጓጓዣ ከተሠራበት ቀን እስከሚጣልበት ቀን ድረስ በአየር፣ በውሃና በመሬት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መመዘን የሚደገፍ ሐሳብ ነው። ሪያድ ስድስት ዓመት የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝና የጭሱን ነገር ሳንባዬ ያውቀዋል። ቅር ያሰኘኝ መደምደሚያው ነው፤ አህያ ከመኪና ይልቅ አካባቢን ይጎዳል ተብሎ፣ ከመጪው ወር መጀመሪያ አንስቶ በወረዳችን በአህያ ጭነት ማጓጓዝ እንዲቆም ተወስኗል። ስለዚህ ጥቂት ነጥቦችን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ቆጣሪዎችዎ ወደ ሐይቅ የመጡት ዓርብ ቀን፣ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ነበር። በዚያ ፀሐይ ለደከሙት ድካም ምስጋናችን ይድረሳቸው። ሆኖም በዚያ ሰዓት እኛ ጁምዓ ላይ ነን፤ ሹፌሮቹም አብረውን ስለሚሰግዱ መኪኖቹ ሞተራቸው ጠፍቶ ከመስጊዱ አጠገብ ተሰልፈው ነበር። ጥናትዎ «የታየ ጭስ የለም» ያለው ትክክል ነው፤ የቆመ መኪና አያጨስም።

እኛ ስንሰግድ ደግሞ አህዮቻችንን የሚጠብቅልን ትዕዛዙ ነው። እሱ ለእስጢፋኖስ በዓል ወደ ገዳሙ ሲሄድ የእሱን አህያ እኛ እንጠብቃለን፤ ከአባቶቻችን ጀምሮ የኖረ ደንባችን ነው። ያን ዕለት ትዕዛዙ በራሱ አህያ አንድ ኩንታል ማሾ ጭኖ፣ የእኛን ስምንት ባዶ አህዮች ውሃ ሊያጠጣ እየነዳ ሲያልፍ ቆጣሪዎችዎ አዩት፤ ግን አልጠየቁትም። እናም ጥናትዎ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ «አንድ ኩንታል ለማጓጓዝ ዘጠኝ አህያ ያስፈልጋል» ይላል። ይህን ሳነብለት ትዕዛዙ «አብሽር ሙሐዲን፣ እንኳን እኔን አሥረኛ አርገው አልቆጠሩኝ» ብሎ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

፪ኛ. አህያዋ ከእናቷ ሆድ ጀምሮ የበላችው ገለባ ሳይቀር ተቆጥሮባታል። ለመኪናው ግን የተቆጠረለት ከደሴ እስከ ሐይቅ ያለው መንገድ ብቻ ነው። ብረቱ ከየት ተቆፈረ፣ በምን መርከብ መጣ፣ ያለቀው ጎማና የተቃጠለው ዘይት የት ተጣለ የሚል ነገር አላገኘሁም። መኪናው ከሰማይ ዱብ ያለ ነው የሚመስለው።

፫ኛ. ፋንድያ «ደረቅ ቆሻሻ» ተብሎ ተመዝግቧል። ጎረቤታችን እትዬ አሰጋሽ ይህን ቢሰሙ ይታዘቡዎታል፤ ለጓሯቸው ቃሪያ ሲሉ ባልዲ ይዘው አህዮቻችንን የሚከተሉት እሳቸው ናቸውና። የመኪና ጭስ በባልዲ የለቀመ ሰው እስካሁን አላየሁም።

፬ኛ. ይህችን ያለ ቀልድ እጽፋለሁ። መኪና ወንዙ ድረስ መጥቶ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለው የሦስት ሰዓት ዳገት ነው። መንደራችን ወፍጮ የለውም፤ እህላችን ወርዶ፣ ተፈጭቶ፣ ዱቄቱ የሚመለሰው በአህያ ጀርባ ነው። አህያ ከተከለከለ የሚሸከሙት ሴቶቻችን ናቸው። የወንድሜ ሚስት መስኡዳ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷ ያንን ዳገት ዱቄት ተሸክማ ስትወጣ ሳስብ እፈራለሁ። በሠንጠረዥዎ ውስጥ የሴት ወገብ የሚመዘንበትን ዓምድ ፈልጌ አጣሁ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና፣ ቆጠራው በሌላ ቀን፣ እየጠየቁ እንዲደገም፣ እስከዚያም እግዱ እንዲነሳልን ከወገባችን ጎንበስ ብለን እንለምናለን። ለቆጣሪዎቹ ጥላና እርጎ ከእኛ ነው።

ለአየራችን መጥራት እንቅልፍ ስላጡልን ውለታዎን መክፈል የማይቻለን፣ በትሕትና እጅ የምንነሳዎ፣

ሙሐዲን ሰዑድ
የቀድሞ የሪያድ ሹፌር፣ የአሁኑ አካባቢ በካይ
(ስለ ስምንቱ ባዶ አህዮች ባለቤቶችና ስለ ትዕዛዙ)

ማስታወሻ፦ በወፍራም ወረቀት ያሳተሙት የጥናትዎ አርባ ቅጂ እስከ ወንዙ በመኪና መጥቶ፣ ከዚያ ወደ መንደራችን የወጣው በእኔው አህያ ነው። ምላሽዎንም ወሩ ሳያልቅ ይላኩልን፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ተሸክመው የሚያመጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት።