ሃርድ ዲስኩን አትፈልጊው

ጃለኔ፣

ሃርድ ዲስኩ እኔ ጋ ነው። አዲስ አበባ ይዤው ሄጃለሁ፤ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ሰው አለ ብለውኛል። ሰውዬው በስልክ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ከጠፋ በኋላ ሌላ ነገር ተጭኖበታል?"

ምን ልበለው? አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሙሉ የቱርክ ድራማ አስጭናበታለች ልበለው?

ላፕቶፔ ከተበላሸ ወዲህ የቀረኝ እሱ ብቻ እንደሆነ ነግሬሻለሁ። ፊልም ጫኙ "ሞልቷል" ሲልሽ ግን ደውለሽ መጠየቅ ከበደሽና "አጥፋውና ጫን" አልሽው። ሽማግሌው ኦቦ ሌንጂሳ ለመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ጭልሞ ደን ሲያወሩኝ የቀዳሁት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። እሳቸውን በፋሲካ ማግስት ቀብረናቸዋል። ሄጄ "ይድገሙልኝ" አልላቸውም።

ላፕቶፑን የያዘው ባለሙያ ደውሎ "ፎርማት ላድርገው?" ካለሽ፣ "ኢልሀም እስክትመጣ እንዳትነካው" በይው። እሺ ማለት ይቀናሻል፣ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ሽሮ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ።
ትናንት በአከራያችን ፊት መጮሄ ልክ አልነበረም። የጮህኩበት ነገር ግን ልክ ነው።

አንድ ያልነገርኩሽ አለ።
አምና ስልክሽን ስትቀይሪ የአባትሽን ፎቶዎች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "እንዳይጠፉብኝ አንቺ ጋ ይቀመጡልኝ" ብለሽ ሰጥተሽኝ ነበር።

የት እንዳስቀመጥኳቸው ትናንት አልጠየቅሽኝም።