የሻምበል ማላዘን

ሰኞ

አልማዝ ዛሬ በጠዋቱ ደጄ ላይ ቆማ ውሻዬን ሻምበልን ገዳይ አደረገችው። አልማዝ የወንድሜ የጌታነህ ሚስት ናት። ወላጆቻችን ባወረሱን ግቢ እነሱ የኋላውን ቤት፣ እኔ የፊቱን ይዘን እንኖራለን። እናቷ እማማ ደስታ ከአርሲ ታመው ከመጡ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ሻምበል ደግሞ ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ያላዝናል። እሷ ሁለቱን ደመረችና ነገሩን ጨረሰች።

«እናቴ ላይ ሞት እየጠራባት ነው። እትዬ ሙሉ፣ እስከ እሁድ ካላስወገድሽው ሥጋ እጥልለታለሁ።»

ምን ዓይነት ሥጋ እንደሆነ እዚህ ሰፈር የሚጠይቅ የለም። እኔም ዝም አላልኩም። «እናትሽን ሐኪም ቤት ከመውሰድ ውሻ መግደል ቀለለሽ» አልኳት። ማለት አልነበረብኝም ይሆናል። አሁንም ግን ደስ ይለኛል።

ሻምበል እንደሆነ ተለውጧል፤ መካድ አልችልም። ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይቆማል። ስጠራው አይሰማም፣ ስነካው ይደነግጣል። የበላውን ረስቶ ሳህኑ ጋ ይመለሳል። የውሃ በርሚሉን በየቀኑ ይጋጨዋል። ዛሬ ሰንሰለቱን ላስርለት ስል ደግሞ ጥርሱ እጄን ነካኝ። በካርቶን ታቅፌ ያመጣሁት ቡችላ! አልደማሁም። ግን ከንዴት የተነሳ አለቀስኩ።

ማክሰኞ

ሥራ የለም ማለት ይቻላል። አንዷ ደንበኛዬ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ሻምበል ስለጮኸባት ከበር ተመለሰች። ልብስ ሰፊ ደንበኛዋን ውሻ ካባረረባት ምን ትበላለች?

ትናንት ማታ ሰው ሁሉ የሚመክረውን ሞከርኩ። ሳልፈታው ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ዘጋሁበት። ባሰበት። ቆርቆሮውን ሲቧጭር አደረ። ጠዋት ሳየው ጥፍሩ ደምቷል፣ እኔን ሲያሸት ግን ጭራውን ቆላ።

ጌታነህ ጥርሱን እየፋቀ መጣ። እሱ አይሳደብም፣ ያስታርቃል። የእሱ እርቅ ደግሞ ሁልጊዜ የሚስቱ ሐሳብ ነው።

«እትዬ፣ ጓደኛዬ በኢሱዙ ወለንጪቲ መንገድ ላይ ይጣልልሽ። ገበያ አለ፣ አጥንት አያጣም።»

«ጅብም አያጣም» አልኩት።

መፋቂያውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ሄደ። ይህን ልጅ እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩት።

ረቡዕ

የከብት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ሌላ የት ልሂድ?

የመጀመሪያው ባለ ባጃጅ «የሰው መጓጓዣ ነው» ብሎኝ ሄደ። ይኸው ሰውዬ ባለፈው ከኋላ ሁለት ፍየል ጭኖ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሻምበልን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ ከሌላው ጋር ተጨቃጭቄ ሄድኩ። አቧራው፣ ነፋሱ፣ የሻምበል መንቀጥቀጥ። ክሊኒኩ ግቢ ላምና በቅሎ ይዘው የተሰለፉት ሳቁብኝ። አንድ ሽማግሌ «ውሻም ይታከማል?» አሉ። «ላምስ ይታከም የለ?» ብዬ ወረፋዬን ያዝኩ።

ሐኪሙ ችኩል ነው። «አካም አዴ፣ እንዴት ነዎት እናቴ» ብሎኝ መልሴን ሳይሰማ የሻምበልን ዓይን በባትሪ አየ፣ ወገቡን ጫን አለው። ሻምበል ጮኸ። ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቷል፣ ጆሮው ደክሟል፣ መገጣጠሚያው ያመዋል። ሲያረጅ ደግሞ እንደ ሰው ይዘነጋል፤ ቀንና ሌሊቱም ይምታታበታል አለኝ።

«ማታ የት ነው የሚያድረው?»

«ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። እንደ ማንኛውም ውሻ።»

«አዴ፣ የማያይ ውሻ በጨለማ ምን ይጠብቅልዎታል? ፈርቶ እኮ ነው የሚጮኸው።»

አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ውሻ ቀን ሰው እንዳያይ ጨለማ ውስጥ ይታሰራል፣ ማታ ሲፈታ ኃይለኛ ይሆናል ተብሎ። ሻምበልም ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ ኖረ። አሁን ቀኑንም ጨለማ፣ ሌሊቱንም ጨለማ አድርገንበታል። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ለሕመሙ መርፌ ወጋውና ያለኝን እንዳልረሳው እዚህ ልጻፍ። የሰው ማስታገሻ ክኒን በፍጹም አይሰጠውም። ማታ ቤት ውስጥ፣ መብራት ሳይጠፋ ይደር። ሳህኑና መኝታው ከቦታቸው አይነሱ። ተኝቶ ሳለ አይነካም፤ መጀመሪያ ወለሉን በእግር መምታት፣ ንዝረቱ ይቀሰቅሰዋል። ቀን ይውጣ፣ ይንሸራሸር፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት። ካልተሻለው እንድመልሰው ነግሮኛል።

ሐሙስ

ሻምበል መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር፣ ብጣሽ ጨርቅ ላይ አደረ። መጀመሪያ ክፍሉን እየዞረ አለከለከ። አንዴ ማላዘን ሲጀምር ወለሉን በእግሬ መታሁ። ቀና አለና አጠገቤ መጥቶ ወደቀ። ድል ነው ለኔ።

ሽንፈትም አለ። የሰው ሱሪ ላይ ሸንቷል። አጥቤ አስጥቼዋለሁ፣ ባለቤቱ አያውቅም፣ አይወቅም።

ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር እስከ አስፋልቱ ወስጄ መለስኩት። ጌታነህ በመስኮት አይቶ «እትዬ፣ ጠበል ያስፈልግሻል» አለኝ። አልማዝ ደግሞ «አንድም ጊዜ ቢሆን ጠርቷል» አለች። ቆጥራ ነው የምታድረው ማለት ነው።

ዓርብ

ሙሉ ሌሊት ዝም! አንዴም አላላዘነም።

ልብስ የማሰጣ መስዬ በነአልማዝ በር አለፍኩ። «ሌሊት ሰማሽ?» አልኳት። «አልሰማሁም» አለችና ፊቷን አዞረች። ይህቺን ቃል ከአፏ ለማውጣት ስንት ተሰድቤያለሁ።

እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እማማ ደስታን ገብቼ ጠየቅሁ። እጃቸው በትኩሳት ይፋጃል።

«ውሻሽ ሞተ እንዴ ልጄ? ድምፁ ጠፋ።»

«ኧረ ተኝቶ ነው እማማ። ይረብሽዎ ነበር አይደል?»

«ምን ይረብሸኛል? እሱም እንደኔ ሌሊቱ ረዝሞበት ነው።»

ይህን ልጃቸው ብትሰማው ብዬ በሩን አየሁ። አልተመለሰችም ነበር።

ቅዳሜ

እማማ ደስታ ጎህ ሲቀድ አረፉ።

በአልማዝ ጩኸት ነቃሁ። ሻምበል ግን አልነቃም። ዛሬውኑ ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ፣ እድርተኛው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለች፦

«ጠርቶ ጠርቶ አስወሰዳት። ሥራውን ጨረሰና ዝም አለ።»

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። ሲያላዝን ገዳይ፣ ሲተኛም ገዳይ። አፌ ላይ የመጣው ብዙ ነበር፣ ዋጥኩት።

እጠላታለሁ። ግን ነጠላዋ ወድቆ፣ ጸጉሯ ተበትኖ መሬት ላይ ስትቀመጥ አንጀቴን በላችው። ይህን መጻፍ ራሱ ያናድደኛል።

እሁድ

አልማዝ ለሻምበል የሰጠችው ቀጠሮ ዛሬ ነበር። አፍ አውጥቶ ያነሳው የለም። አለማንሳታቸው የበለጠ አስፈራኝ።

ግቢው በድንኳን ገመድ፣ በወንበርና በማያውቀው ሰው ተሞልቷል። ሻምበል በበሩ ሥር እያሸተተ ይንቀጠቀጣል። ቆልፌበት እንጀራ ላቀርብ እወጣለሁ፣ ተመልሼ አየዋለሁ፣ እወጣለሁ። የሰፈሩ ሰው ትራፊ ይዞ ወደ ደጄ በተጠጋ ቁጥር ሮጬ እቀድመዋለሁ። ጌታነህ ዓይኔን ማየት አቁሟል።

ሰኞ

ሠልስት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንግዳው ቀለል ሲል አልማዝ ብቻዋን መጣች። በሳህን ቅቅል ሥጋ ይዛለች።

«ለሱ ነው» አለች።

ሻምበል ሽታው ደርሶት ከጠረጴዛው ሥር ተነሳ። በእግሬ ከለከልኩት። ሐዘንተኛ ናት፣ ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል። ይህን ሁሉ እያየሁ «መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው» አልኳት።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ከሳህኑ አንድ ቁራጭ አንስታ ጎረሰች። እያኘከች እንባዋ መውረድ ጀመረ። ዋጠችው። ሌላ ደገመች።

«እናቴ ዓርብ ማታ ‹ለዚያ ውሻ የሚበላ ነገር ስጪው› ብላኝ ነበር» አለች። «እሺ እንኳን አላልኳትም። የለመነችኝ የመጨረሻ ነገር እሱ ነው።»

ሳህኑን ተቀበልኳት። ሻምበል አጉረመረመባት።

«አያምነኝም» አለች።

«እኔም» አልኳት።

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠርጋ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ሳህኑን ሁልጊዜ በሚበላበት ቦታ አስቀመጥኩለት፤ ልሶ ጨረሰው።

ከጨረሰው በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ እሷ የቀመሰችው ከላይ ከላዩን ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ትንፋሹን ሳዳምጥ መሸ። ይተነፍሳል፣ እንዲያውም ያንኮራፋል። ነገ አልማዝን «እንዴት አደርሽ» እላታለሁ፤ እሷ ቀድማ ካለችኝ።