እስከ ወረቀቱ መጨረሻ ብቻ

ሀዳ ነስሩ፣ የነስሩ እናት፣ ሐሊማዬ፣ አሰላሙ ዓለይኪ።

እስክሪብቶውን የያዘችው ሐያት ናት፤ የነስሩ ልጅ፣ አንቺ አዝለሽ ያሳደግሻት የልጅ ልጃችን። ቃሉ ግን የእኔ ነው። አንዳንዱን ልታቃናው ስትል ከፊቷ አውቄባታለሁና እንዳለ ጻፊ ብያታለሁ። ፊደል ባልቆጥርም ያልኩትን የምረሳ ሰው አይደለሁም።

ከተለየሽን ሁለት የቡና ለቀማ አለፈ። ሊሙ ገነት ያለው ወንድምሽ ዘንድሮም እሸቱ ሲቀላ ኑና ሰንብቱ ብሎን ነበር። እኔ አልሄድኩም። ጉልበቴ መኪና ላይ መውጣት ሰልችቶታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝም ብሎ መቀመጡም ያደክመኛል። በርጩማ መጥረቡን አልተውኩም፤ ድሮ ከጠዋት እስከ ዙህር ሶላት የምጨርሰው አሁን ሳምንት ይፈጅብኛል እንጂ። ቢሆንም ከአንድ ግንድ ነው የማወጣው። እግሩን በምስማር የሚቀጥሉትን አያለሁ፣ ሰላምታ ሰጥቼ አልፋለሁ።

የጓሮው ግድግዳ በክረምቱ ዝናብ ወደ ውጭ አጎንብሷል። ላድሰው ብዬ ፈቃድ ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ልጅ ፋይሉን አየችና «ባለይዞታዋ ራሷ ትምጣ» አለችኝ። «እኔም አላህን የምለምነው እሱን ነው» አልኳት። አልሳቀችም። ቤቱ በስምሽ ስለሆነ ወራሽ መሆናችንን ፍርድ ቤት ሳያረጋግጥ ምስማር መምታት አይቻልም አሉኝ። ይውደቅ እንግዲያ ብዬ ወጣሁ። አንቺ የለሽም ብዬ ዳኛ ፊት ቆሜ ልናገር? እኔ?

ሐያት ሕግ ገብታለች። ፈተናውን ስትወስድ አይተሻል፣ ውጤቱን አላየሽም። መከራዋን ነው የምታየው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ፍርድ ቤቱ በኦሮምኛ፣ ስትፈልግ የምታመሸው የሰበር ፍርድ ደግሞ በአማርኛ። ሰበር ማለት ከሁሉ በላይ ያለው ችሎት ነው አለችኝ። አንድ ቀን ፊቷ ጠቁሮ መጣች። «አባባ፣ የተደገፍኩበት ፍርድ ለካ ተሽሯል» አለች። እኔ ሽሯል ያለች መሰለኝ። «አልሐምዱሊላህ! ማን ቆስሎ ነበር?» አልኳት። ሳቀች፣ ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች። ፍርድ ማግኘት ብቻውን ጥናት አይደለም፣ ዛሬም የሚሠራበት መሆኑን ሳታጣሪ አትጻፊ ብሎ አስተማሪዋ ጽሑፉን መልሶባት ነው። እንደገና ሠራችው። ልጅቷ የአንቺ እልህ አለባት።

ከዚያ ከምታውቁት ጉዳይ ተነስታችሁ በአማርኛ ማመልከቻ ጻፉ ተባሉ። ሳትነግረኝ የእኛን ቤት መረጠች። አሱር ሰግጄ እንጨቴ ላይ ስቀመጥ «አባባ፣ ላንብብልዎት?» አለች። አንብቢ አልኳት። አመልካች የሚለው እኔ ነኝ አሉ። እሺ። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ወይዘሮ ሐሊማ፣ ከዚህ በኋላ ሟች እየተባሉ የሚጠሩት...»

መጥረቢያዬን መሬት ላይ ጣልኩት። «አያትሽ ስም የላትም?» አልኳት። «ጀርባዋ ላይ ስትሸኚባት ሟች ነበር የምትያት?» የአጻጻፍ ሥርዓቱ ነው አለች። ስም አንዴ ይጠራል፣ ከዚያ ወዲያ ሁሉም በጉዳዩ ውስጥ ባለው ቦታ ነው የሚጠራው፣ ዳኛው እንዳይምታታበት። «እርስዎንም እኮ አመልካች ብዬዎታለሁ» አለች። እኔን የፈለግሽውን በይኝ ብዬ አባረርኳት።

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። እራቴን ታስቀምጣለች፣ እበላለሁ፣ ትወስዳለች። ቤቱ ያለ አንቺ ጭር ያለው አንሶ ባሰበት። እኔ ተኝቼ የማስበው አሰንዳቦን ነበር። በርጩማ ጭነን አዲስ አበባ ስንሄድ መኪናው እዚያ የተበላሸብን ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንዱን በርጩማ አስወርደሽ መንገድ ዳር እንደ ንግሥት ተቀመጥሽበት። ሾፌሩ «የጠራቢው ሚስት፣ ከመንገድ ዘወር በይ» ቢልሽ፣ «ሐሊማ እባላለሁ፣ በስሜ ጥራኝና እነሣለሁ» አልሽው። ጠራሽ። ተነሣሽ። ያን ቀን የኮራሁትን ኩራት እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

ግድግዳው ግን ኩራት አያውቅም፤ ሌላ ዝናብ መጣና ጥጉ ተናደ። ሐያት ሄዳ ጭቃውን በእጇ ስታነሣ አየኋት። ይቺ ልጅ የምትተኛው በዚያ በኩል ነው። ጠራኋት። «ያ ከዚህ በኋላ ያልሽው፣ እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

እጇን ሳትታጠብ ቆማ አሰበች። «እስከ ወረቀቱ መጨረሻ ብቻ ነው፣ አባባ። ከፊርማው በታች አይሠራም።»

ፊርማው ደግሞ የእኔ አሻራ ነው። አውራ ጣቴ ካረፈበት በታች ሐሊማ ነሽ ማለት ነው። ይሄ ከሆነ እችለዋለሁ አልኩ። አስተማሪዋ ጽሑፉን ተቀብሎላታል። ለፍርድ ቤቱ ራሷ ወደ ኦሮምኛ መልሳ አነበበችልኝ፤ በኦሮምኛም አልቀለለኝም። ሰኞ ኢንሻአላህ ነስሩ ከአጋሮ ይመጣል፣ አብረን እንገባለን። ዳኛው ሲጠይቀኝ ያቺን ቃል አንዴ እላታለሁ፣ አሻራዬን አደርጋለሁ፣ ወጥቼ ግድግዳሽን አቆማለሁ።

ስምሽ ከቀበሌው ፋይል ይወጣል። ከእኔ አፍ አይወጣም። ሶላቴን ጨርሼ እጄን ስዘረጋ ሐሊማ ብዬ ነው የምለምንልሽ፣ ምላሴ እስከታዘዘልኝ ድረስ። የእኔ ቁስል አልሻረም፣ አልተሻረምም። ሐያት ይቺን ስትጽፍ ሳቀች፤ ትሳቅ፣ ከሳቀች ቆይታለች።

ደከመኝ። ሐያት፣ በቃ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ያቺ ቃል ያለችበት ጋ ስትደርሺ ቶሎ እለፊ። ስሟ ያለበት ጋ ግን ቀስ በይ።